የበርገር ቤቱ እትዬ ብርነሽ

የእትዬ ብርነሽን ማረፍ የነገረችኝ ልጃቸው ሙሉ ናት። ከዳባት ደወለች። ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሃል ይዤ ድንች ከዘይት እያወጣሁ ነበር። «ፋንቱ፣ እማዬ አረፈች» ስትለኝ የያዝኩትን ወንፊት መልሼ ዘይቱ ውስጥ ለቀቅሁት። ዘይቱ ተፈናጥሮ ክንዴን አቃጠለኝ፤ መቃጠሌን ያወቅሁት ግን በማግስቱ ነው። በዚያው ሰዓት ግድግዳው ላይ የተሰቀለችው ትንሽ ማተሚያ ትዕዛዝ ትተፋ ነበር። ሁለት በርገር፣ አንድ ድንች፣ አንድ ለስላሳ። ማን እንዳዘዘው አላውቅም። እያለቀስኩ ሠራሁት።

እውነቱን ለመናገር ከሐዘኑ ቀድሞ የመጣብኝ ፍርሃት ነው። እሳቸው ዳባት ተቀምጠው እስካሉ ድረስ የምደውልለት ሰው አለኝ ብዬ እኖር ነበር። አሁን ለማን ልደውል?

እኔና እትዬ ብርነሽ ደባርቅ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ባለው በርገር ቤት አምስት ዓመት አብረን ሠርተናል። እኔ ጓዳ፣ እሳቸው አዳራሽ። መጀመሪያ የተቀጠሩት ለጽዳት ነበር። አስተናጋጅ ሆነው የሚገቡት ልጃገረዶች ወር እንኳ ሳይደፍኑ ወደ ጎንደር ሲሄዱበት፣ ባለቤቱ ደሳለኝ ተስፋ ቆርጦ «እትዬ፣ እስኪ እርስዎ ትዕዛዝ ይቀበሉ» አላቸው። ሃምሳ ዓመት አልፏቸው ነበር። አጭር ናቸው፤ አንገታቸው ላይ ሦስት መስመር ንቅሳት አለ። ደሳለኝ ያሠራውን ቀይ ቲሸርት ከሐበሻ ቀሚሳቸው በላይ ይለብሱትና በዚያ ላይ ነጠላቸውን ያጣፋሉ። የሚያያቸው ሰው ሁሉ መጀመሪያ ይስቅ ነበር።

ወረቀትና እስክሪብቶ አይዙም። ጠረጴዛው አጠገብ ይቆሙና መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳርፈው ፊትን ያያሉ። ቸኩሎ «ሁለት በርገር» ያለውን ሰው እንኳ «እንዴት ዋልክ የኔ ልጅ? ከየት ነው?» ሳይሉ አያልፉትም። ለፈረንጁም በአማርኛ ነው፤ ፈረንጁም በራሱ ቋንቋ ይመልስላቸዋል፤ ተግባብተው ይለያያሉ። ከዚያ ወደ ጓዳው መስኮት ይመጡና ትዕዛዙን ይነግሩኛል። አነጋገራቸው የገጠር ሰው ነው፤ ዝግ ያለ፣ ቃሉን ሳይቆርጡ።

«ፋንቱ፣ አንዱ ለዚያች ለምታስላት ልጅ ነው፤ ቃሪያ እንዳታገቢበት።»

«ይሄኛው ለሹፌሩ ነው። ገና ሊማሊሞን ይወርዳል፤ ሆዱን አታክብጂበት፣ እንቅልፍ ይይዘዋል።»

«ለዚያ ለሽማግሌው ድንቹን አለስልሺው። ጥርስ የላቸውም፤ አፍረው አይነግሩሽም።»

እኔ ሰዎቹን ሳላያቸው አውቃቸው ነበር። ለማን እንደምሠራ እያወቅሁ ነበር የምሠራው።

ሌላው የማልረሳባቸው ነገር ፈሪነታቸው ነው። እንደሳቸው ያለ ፈሪ አላየሁም። መብረቅ ይፈራሉ፤ የኤሌክትሪክ ገመድ ይፈራሉ፤ የድንቹን መጥበሻ ማሽን ይፈራሉ፤ አጠገቡ ሲያልፉ ግድግዳ ታክከው ነው። ደግሞ አይደብቁትም። ሌላው ሰው ፈራሁ ማለት ያሳፍረዋል፤ እሳቸው ግን ደረታቸውን ይዘው «ፈርቻለሁ» ይሉና፣ የፈሩትን ነገር ያደርጉታል።

ይህን ያወቅሁት በአንድ ረቡዕ ነው።

ከቀትር በኋላ ነበር። ጉም ወርዶ ከመንገዱ ማዶ ያለው ሱቅ እንኳ አይታይም። እትዬ ብርነሽ ወደ መስኮቱ መጡና ትዕዛዝ በመንገር ፈንታ «ዘይቱን አጥፊው» አሉኝ።

«ምነው?»

«አጥፊው ብየሻለሁ። ፈርቻለሁ።»

በመስኮቱ አሾልቄ አየሁ። ከበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ አንድ አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ንጹሕ ጃኬት የለበሰ ሰውዬ ተቀምጧል። አጠገቡ አሥራ አራት ወይ አሥራ አምስት ዓመት የሚሆናት ልጅ አለች። እግሯ ላይ ያረጀ ኮንጎ ጫማ፣ ላይዋ ላይ ደግሞ የታጠፈበት መስመር ገና ያልጠፋ አዲስ ሹራብ።

«ልጄ፣ አንቺስ ምን ላምጣልሽ ብላት እሱ መለሰልኝ» አሉ እትዬ ብርነሽ በሹክሹክታ። «ለሷም ባለሥጋ በርገር አምጪ አለኝ። ልጅቱ ይኸን ስትሰማ እጇን ወደ ማተቧ ሰደደች። ምነው እሷ አትናገርም ስለው፣ ታፍራለች፣ የወንድሜ ልጅ ናት አለኝ። ፋንቱ፣ የወንድሙ ልጅ ብትሆን ረቡዕን እንደምትጾም ይጠፋዋል? ስሟንም አንዴ አልጠራም።»

እኔ ከእሳቸው የባሰ ፈራሁ። «እትዬ፣ ሰው የራሱ ጉዳይ አለው። ባይጾሙስ? ነገር አያምጡብን» አልኳቸው።

«ተሳስቼ ከሆነ እግሩ ላይ ወድቄ ይቅርታ እለዋለሁ» አሉ። «ካልተሳሳትኩስ?»

ዘይቱን አጠፋሁት።

ተመልሰው ሄዱ። የእጅ መታጠቢያው ውሃ ሄዷል ብለው ልጅቱን ወደ ጓዳ ይዘዋት መጡ። ውሃው አልሄደም ነበር። ሰውዬው ከወንበሩ ተነሥቶ በዓይኑ ተከተላቸው፤ የቤቱ ሰው ሲያየው ግን መልሶ ተቀመጠ። እትዬ ብርነሽ ልጅቱን ቧንቧው ሥር አቁመው በሩን በቀስታ ቀረቀሩትና ሳሙና አቀበሏት።

«የማን ልጅ ነሽ የኔ ዓለም?»

ልጅቱ ሳሙናውን አገላበጠችው።

«እናትሽ እዚህ መሆንሽን ታውቃለች?»

ልጅቱ ሳሙናውን እንደያዘች ራሷን ነቀነቀች፤ አታውቅም ማለቷ ነው። ከዚያ ውሃው እጇ ላይ እየፈሰሰ ነገረችን። ከሳንቃ በር ወዲያ ካለ ቀበሌ ናት። ሰውዬውን ያወቀችው ገበያ ላይ ነው። መተማን አልፎ ጥሩ ሥራ አለ፣ ቤት መጥረግ ብቻ ነው ብሏታል። ሌሎች ልጆች ጎንደር ይጠብቁናል ብሏታል። ለእናትሽ ስትደርሺ ትደውይላታለሽ ብሏታል። «አሁን መመለስ ፈልጌ ነበር፤ እምቢ አለኝ» አለች።

በሩ ተንኳኳ።

«ምን እያደረጋችሁ ነው? መኪና እየጠበቀን ነው!»

«ልጅቱ አሟት ነው፤ ትንሽ ይታገሡ» አሉ እትዬ ብርነሽ። ጀርባቸውን በሩ ላይ ለጠፉት። ሰውዬው በቡጢ መታው። በመታው ቁጥር ትንሿ ሰውነታቸው ወደፊት ትወረወርና መልሰው ይለጠፋሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው «ፈርቻለሁ ፋንቱ፤ ፈርቻለሁ፤ ደውዪ፤ ኧረ ደውዪ» ይላሉ። እኔ እጄ ዘይት ስለነበረ ስልኩ አልታዘዝ አለኝ። በቀሚሴ ጠርጌ፣ ደግሜ ጠርጌ ደሳለኝ ጋር ደወልኩ። ቃል አልወጣልኝም፤ «ፖሊስ ይዘህ ና» ብቻ አልኩት።

በዚህ መሃል በሩ መመታቱን ተወ። በመስኮቱ ይገባል ብዬ የሽንኩርት ቢላዬን ያዝኩ፤ ልጅቱ እኔን አይታ ማልቀስ ጀመረች።

ፖሊሶቹ ሲደርሱ ሰውዬው የለም። ጉሙ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። ልጅቱን ወሰዷት፤ በሦስተኛው ቀን እናቷ ከላይ ወርዳ መጣች። በርገር ቤታችን ገብታ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ የእትዬ ብርነሽን ጉልበት ሳመች። እትዬ ብርነሽ እሷን ለማንሣት ጎንበስ ሲሉ እሳቸውም መሬት ተቀመጡና አብረው አለቀሱ።

ነገሩ ግን በዚህ አላለቀም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሰውዬው ብቻውን መጣ። ሻይ አዘዘ። ሻዩን ሲያቀርቡለት ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሰፈርሽን አውቄዋለሁ» አላቸውና ሻዩን ሳይቀምስ ወጣ። ጓዳ ገብተው ሲነግሩኝ ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሎ ነበር። ለፖሊስ አመለከትን፤ ፈለጉት፤ አልተገኘም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ ስንወጣ ክንዴን ይዘው ነው የሚሄዱት። ኮቴ በሰሙ ቁጥር ጥፍራቸው ክንዴ ውስጥ ይገባል። እኔም ሥራው ቢቀርባቸው ይሻላል እል ነበር። በማግስቱ ግን መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳርፈው «እንዴት ዋልሽ ልጄ? ከየት ነው?» ይላሉ።

ትዕዛዝ የሚቀበለው ማሽን የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ደሳለኝን አልወቅሰውም። አውቶቡስ ከፊታችን የሚቆመው ሃያ ደቂቃ ነው፤ ሰዉ ተራ ሲጠብቅ መኪናው ይነሣበታል፤ ሳይበላ የሚሄደው ብዙ ነበር። አዲስ አበባ ሄዶ አይቶ መጣ። ሁለት ስክሪን አመጣና ከበሩ ግራና ቀኝ አቆማቸው፤ የሰው ቁመት ያህላሉ። ሰው መጥቶ የምግቡን ሥዕል ይነካል፣ በስልኩ ይከፍላል፣ ቁጥር ይቀበላል፤ ትዕዛዙ ጓዳ ውስጥ በወረቀት ይወጣል። የከተማው ጎረምሶች «ዲዳዋ» ብለው ስም አወጡላት። በመጀመሪያው ሳምንት ሰው ለማየት ብቻ ይሰለፍ ነበር።

እትዬ ብርነሽን ስክሪኑ አጠገብ አቆማቸው፤ የማይችለውን ሰው እንዲያሳዩ። ስክሪኑን ሊነኩ ሲሉ እጃቸውን ቶሎ ይመልሱታል፤ ይነዝረኛል ብለው ይፈራሉ። አንድ ባልቴት ሲመጡ ደግሞ ማሽኑን ትተው ስለ ጉልበት ሕመማቸው ይጠይቋቸዋል፤ ከኋላ ሰልፉ ይረዝማል።

«እትዬ፣ እባክዎ ወሬውን ይተዉትና ይጫኑላቸው» አላቸው ደሳለኝ።

«ይቺ ፊት ታያለች እንዴ ልጄ?» ብለው ጠየቁት።

ሳቀ። «ለምን ታያለች? ምግብ እኮ ነው የሚታዘዘው።»

እሳቸው አልሳቁም። በሁለተኛው ወር አሰናበታቸው፤ በክፉ አይደለም፤ አቅፎ፣ ጉንጫቸውን ስሞ ነው። ቀዩን ቲሸርት አጥበው፣ ተኩሰው መለሱለት። ልጃቸው ሙሉ ጋ ዳባት ገቡ።

የጓዳው መስኮት በጣውላ ተዘጋ። ከሥሩ ሳህን የምታሳልፍ ጠባብ ክፍተት ብቻ ተተወች። ቁጥር ይበራል፤ እጅ ይመጣል፤ ሳህኑን ወስዶ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የማየው እጅ ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ እጅ። ቀለበት ያለው፣ ጥፍሩ የተቀባ፣ የተሰነጣጠቀ የገበሬ እጅ። አንዳንዴ ፊት ያለው ሰው ውጭ መኖሩን እጠራጠር ነበር።

አንድ ዓርብ ቀን ወረቀቷ ወጣች፤ ሁለት ባለሥጋ በርገር፣ አንድ ውሃ። ምንም የተለየ ነገር የለውም። ሠራሁ፤ አስቀመጥኩ። ሰዓት ያሰረ የወንድ እጅ ወሰደው። ትንሽ ቆይቶ ሳህኑ ተመለሰ። አንደኛው በርገር ተበልቷል። ሁለተኛው እንደተጠቀለለ ነው፤ አልተነካም።

ዓርብ መሆኑ ትዝ አለኝ። ጎንበስ ብዬ በክፍተቷ አየሁ። አረንጓዴ ሻሽ ያሰረች አንዲት ቀጭን ልጅ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ ወደ በሩ ትሄዳለች። ሰዓት ያሰረው እጅ የሹራቧን እጅጌ ከክንዷ ላይ ጨብጧል። ውጭ ሚኒባስ ሞተሩን አስነሥቶ ቆሟል።

መውጣት ነበረብኝ። ከጓዳው እስከ በሩ አሥራ አምስት እርምጃ አይሆንም። እግሬ ግን አልንቀሳቀስ አለ። ማተሚያዋ በላይ በላዩ ሦስት ወረቀት አወጣች። እኔም ምን እንዳደረግሁ ታውቃላችሁ? ድንቹን አወጣሁ። እንዳያርር። ከዚያ በኋላ ነው የሮጥኩት፤ ስወጣ ሚኒባሱ የለም። ስክሪኖቹ አጠገብ ሁለት ተማሪዎች ሥዕል እየነኩ ይሳሳቃሉ። «አሁን የወጣችውን ልጅ አይታችኋታል?» ብላቸው፣ ማንን እንደምል አላወቁም።

አባቷ ይሆናል አልኩ። ሆዷን አሟት ይሆናል አልኩ። ለደሳለኝም አልነገርኩትም። ሦስት ሳምንት ሙሉ እጅ ወደ ክፍተቷ በመጣ ቁጥር እደነግጥ ነበር። በመጨረሻ አንድ እሑድ ዳባት ሄድኩ።

እትዬ ብርነሽ ጋቢ ተከናንበው ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ልባቸው ደክሞ ነበር፤ እግራቸው አብጧል። ሲያዩኝ ደስ አላቸው፤ ክንዴን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው። እንዲያጽናኑኝ ነበር የሄድኩት፤ አይዞሽ፣ ምንም አይደል እንዲሉኝ።

«መቼ ነው ይኸ የሆነው?» አሉኝ።

«ሦስት ሳምንት ሆነው።»

ፊታቸው ተለወጠ። «ሦስት ሳምንት! ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም። ፈራሁ።»

«ምኑን?»

«ብሳሳትስ? ደግሞ… ልክ ብሆንስ?»

ግድግዳውን ይዘው ተነሡ። «ነጠላዬን አምጪልኝ» አሉ።

ፖሊስ ጣቢያው ሩቅ አይደለም፤ እኛ ግን ሦስት ጊዜ አረፍን። ትንፋሽ ያጥራቸዋል። እንመለስ ስላቸው ክንዴን ይጎትቱኛል። ወጣቱ ፖሊስ ወንበር አመጣላቸው፤ ደብተሩን ከፈተ፤ በትሕትና ይጠይቀኝ ጀመር።

«የልጅቱ ዕድሜ ስንት ይሆናል?»

«እንጃ። ልጅ ናት።»

«ቀይ ናት ጠይም?»

«አላየኋትም። ጀርባዋን ነው።»

«ሰውዬውስ ምን ይመስላል?»

«እጁን ነው ያየሁት። ሰዓት አስሯል።»

«የመኪናው ታርጋ?»

ራሴን ነቀነቅሁ። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እህቴ፣ እንግዲህ ምን ብዬ ልጻፍ?» አለኝ። አልተቆጣም፤ ጨንቆት ነው። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ቤታችን ገብታ፣ ተቀምጣ፣ የሠራሁላትን ሳትነካ የወጣች ልጅ ናት፤ መልኳን ግን አላውቀውም።

«አረንጓዴ ሻሽ ብለህ ጻፍ» አሉ እትዬ ብርነሽ ከወንበራቸው። «ዓርብ ቀን ብለህ ጻፍ። የጾም ቀን ነው፣ ባለሥጋው ሳይነካ ተመለሰ ብለህ ጻፍ። እጅጌዋን ይዟት ወጣ ብለህ ጻፍ።»

ፖሊሱ አያቸው። ከዚያ እስክሪብቶውን አንሥቶ አንድ በአንድ ጻፈው።

ስንወጣ ጥፍራቸው ክንዴ ውስጥ ገባ። «ተቆጡኝ እትዬ» አልኳቸው።

«አልተቆጣሁሽም። ፈርቼ ነው። እናቷን አሰብኳት» አሉ።

ልጅቱ አልተገኘችም። ጎንደርም መተማም ተጠይቋል ብለው አንድ ጊዜ ደውለውልኛል፤ ሌላ ነገር የለም። እትዬ ብርነሽ በየቅዳሜው ይደውሉልኝ ነበር። ሰላምታ የለም፤ «ተገኘች?» ይላሉ። «አልተገኘችም እትዬ» እላለሁ። «እሺ» ይሉና ይዘጉታል። በመጨረሻዎቹ ቅዳሜዎች ድምፃቸው ስለደከመ ሙሉ ናት የጠየቀችላቸው።

ቀብራቸው ዳባት ተፈጸመ። ያቺ ጉልበታቸውን የሳመችው እናት ወሬውን ሰምታ መጥታ ነበር። ልጇ አሁን ትማራለች አለችኝ፤ ደስ ሊለኝ ሲገባ ያቺ ባለሻሿ ፊቴ ላይ ድቅን አለችብኝ፤ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ።

ወደ ሥራ በተመለስኩ ቀን ለደሳለኝ ሁሉንም ነገርኩት። እስክጨርስ ሰማኝ። «ለምን ያኔ አልነገርሽኝም?» አለ። ማሽኖቹን አላነሣም፤ አይነሡም። እኔ ግን ሳህኑን ራሴ ላድርስ አልኩት። «ድንቹን ማን ይጠብሳል?» አለ። ግን አልከለከለኝም።

ትናንት ወረቀቷ ወጣች፤ ሁለት በርገር፣ አንድ ጭማቂ። ይዤ ወጣሁ። ጥግ ላይ አንድ ጢም ያለው ሰውዬና አንዲት ሰባት ዓመት የማይሞላት ልጅ ተቀምጠዋል። ሳህኑን አስቀመጥኩ። መሄድ ነበረብኝ፤ ቆምኩ። መዳፌን ጠረጴዛው ላይ አሳረፍኩ።

«ልጅቱ ስሟ ማን ይባላል?» አልኩ።

ሰውዬው ቀና ብሎ ከእግር እስከ ራስ አየኝ። «ምን አገባሽ?» አለ።

ልክ ነው፤ ምን አገባኝ? ፊቴ እሳት ሆነ። ይቅርታ ብዬ ልዞር ስል ልጅቱ አፏን እንደሞላች «ሜሮን!» አለችኝና አባቷ ላይ ተደግፋ ሳቀች። ጢሙን በጭማቂ እጇ ያዘችው። እሱም ሳይወድ በግዱ ፈገግ አለ።

ጓዳ ገብቼ፣ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ድንቹ አረረ።